ጠባሳው መታየት አለበት

ሰውዬው በግራ እጁ መስቀል አሳለመ፤ በቀኙ ከሴትዮዋ ዘንቢል ጥቅሉን አወጣ።

እስከዳር ከሽንኩርት ጆንያዎቹ ጀርባ ሆና ስልኳን ቀና አደረገች። አንድ ፎቶ ብቻ።

ጥምጣም፣ ጋቢ፣ መስቀል። ቄስ ግን አይደለም። ጋቢው ውስጥ የገባው ከአንድ ገዳም የተሰረቀ ብራና ነው። የሰውዬውን ቀኝ ቅንድብ ቀጭን ጠባሳ ለሁለት ከፍሎታል።

አራት ሰዓት ላይ ሰውዬው የተሳፈረበት አውቶቡስ ከደብረ ማርቆስ ተነሳ። ደጀን ላይ «ገደል» የሚባለው የእስከዳር የሥራ ባልደረቦች የፍተሻ ቡድን ይጠብቀዋል። ችግሩ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከንግሥ የሚመለሱ ሰባት ቄሶች አሉ። የቡድኑ ፈታሾች ደግሞ ቄስ ሲያዩ ተነስተው መስቀል ይሳለማሉ እንጂ ጋቢ አያስገልጡም። ጠባሳውን ካላዩ ብራናው ዓባይን ይሻገራል።

የገደል ስልክ ተጠልፏል። ስለዚህ ፎቶው የሚደርሳቸው በአንድ አስጎብኚ ማኅበር ድረ ገጽ ላይ በምትወጣ ትንሽ ማስታወቂያ ነው። ወርዷ ሦስት መቶ ፒክሰል፣ ቁመቷ መቶ።

እስከዳር ወደ ፎቶ ቤቱ ገባች። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ የሰው ጉርድ ፎቶ ስታሳምር የኖረች ሠራተኛ ናት። የምስጢር ስሟ «ድንቢጥ» ነው።

ፎቶውን እንዳለ፣ ከነገበያው አሳነሰችው። ጠባሳው ጠፋ።

መጀመሪያ አጥርታ ከዚያ አሳነሰችው። ቅንድቡ የመጋዝ ጥርስ መሰለ፤ ጠባሳው የለም።

ጠረጴዛውን በጡጫ መታች።

«አንቺ፣ የሙሽራ ፎቶ እንኳ እንዲህ አላስለፋሽም!» አሉ የፎቶ ቤቱ ባለቤት እትዬ አሰገደች።

«ቄሱ ደበዘዙብኝ፣ እትዬ።»

«ዳር ዳሩን ቁረጪዋ! ሽንኩርቱ ምን ያደርግልሻል?»

ልክ ነበሩ። ሽንኩርቱንም ሕዝቡንም ቆርጣ ጣለች። ፊትና ትከሻ ብቻ ቀረ። እሱን በልኩ አሳነሰች። ማጥራቱን መጨረሻ ላይ፣ በስሱ።

ጠባሳው እንደ ፀጉር ቀጥኖ ወጣ።

እንዳይጨመቅ በፋይል መልክ በቴሌግራም ለ«መስኮት» ላከችው። መስኮት፣ ድረ ገጹን የሚይዘው ደመላሽ ነው። ቢሮው ከመንገዱ ማዶ ነው።

ማስታወቂያዋ ወጣች።

ጠባሳው የለም።

ደወለች። «ምን አደረግኸው?»

«ሳይቱ ራሱ ያሳንሰዋል፣ እህቴ።»

«በልኩ ነው የላክሁልህ!»

«እንግዲህ ከማሽን ጋር አልጣላ!»

ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። የጥምጣሙ እጥፋት ጥርት ብሏል። የመስቀሉም ጠርዝ። በማሳነስ ቢሆን ሁሉም ይደበዝዝ ነበር።

የደበዘዘው ቅንድቡ ብቻ ነው።

ማሽን መርጦ አያደበዝዝም። ደመላሽ ከድቷል።

ይኼኔ አውቶቡሱ ሉማሜን አልፏል። እስከዳር ድረ ገጹን የሚከፍት የአደጋ ጊዜ የይለፍ ቃል ነበራት። አንዴ ብቻ ይሠራል። ከተጠቀመችበት ኮምፒውተሩን ደምስሳ ከተማውን መልቀቅ አለባት። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ፣ ደንብ ጥሳ ያስቀመጠችው የሟች ባሏ ትልቁ ፎቶ አለ። ሌላ ቅጂ የለውም። ቦርሳዋ ውስጥ ያለችውን የባሏን ጉርድ ፎቶ ሥራውን ሳትለምድ ነው ያሳነሰቻት፤ ዓይኖቹ አይለዩም። ያነሰ ፎቶ ቢያሳድጉት የጠፋው አይመለስም።

በይለፍ ቃሉ ገብታ ጠባሳው የሚታይበትን ፎቶ ድረ ገጹ ላይ ጫነች። ደመላሽ እንዳይነካው የይለፍ ቃሉን ቀየረች።

ማዶ የደመላሽ በር ተበረገደ።

የባሏን ፎቶ ለመቅዳት ሁለት ደቂቃ ያስፈልጋል። መንገዱን ለመሻገር አንድ።

«ደምስስ» የሚለውን ተጫነች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አሉ እትዬ አሰገደች።

«ምሳ።»

«በጓሮ በር? በዚህ ሰዓት?»

ወጥታ ነበር።

ወደ ደምበጫ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። «ጤፉ ገባ» ይላል። ብራናው ተይዟል ማለት ነው። ሲም ካርዱን አውጥታ ሰበረችው። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ጉርዷ ፎቶ ወደቀች። አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት አነሱላት።

«ስምሽ ማነው፣ ልጄ?»

«ሥራነሽ» አለች፣ አዲሱን ስሟን።

«ይኸስ ማነው? ፊቱም አይለይ።»

«እንጃ፣ እናቴ። ወንበሩ ላይ አገኘሁት።»

«ታዲያ ጣይው።»

ሥራነሽ እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት። ፎቶዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች።