ከፍሎሬንስ ያልተደወለ ስልክ

ሉብና አልደወለችም።

ለሥራ ከሄደችበት ከጣልያን ማታ እደውላለሁ ብላ ነበር። መግሪብ አለፈ። ኢሻም ተሰገደ። እናቷ መሪማ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ስልኩ ዝም አለ።

የዛን ቀን ጠዋት ሉብና የድምፅ መልእክት ልካ ነበር። ለመሪማ የከፈተላት የእህቷ ልጅ ሙነወር ነው። መሪማ ስልክ ሲጮህ ከማንሳት በቀር ሌላውን አታውቅበትም።

«እማ፣ አሰላሙ አለይኩም። ዛሬ እረፍቴ ነው። የምጠብቃትን አሮጊት ልጇ መጥታ ይዛልኛለች። ከጓደኛዬ ጋር ከቦሎኛ ፍሎሬንስ በባቡር ደርሰን እንመጣለን። የጥንት ከተማ ነው። ኧረ እማ፣ ባቡሩ ተራራ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ደሞ ይገባል፣ ጆሮዬን ደፈነው! ማታ እደውላለሁ። ዱዓ አድርጊልኝ።»

እህል ነጋዴው ኡበይድም በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። የመሪማን የሐይቅ ዳር አትክልት ቦታ ለመግዛት ሁሌ እንደተመላለሰ ነው።

«እኛ ደሴ ለመድረስ ሚኒባስ እንጋፋለን፣ ያንቺ ልጅ በባቡር ትንሸራሸራለች!» ብሎ ስቆ ነበር።

በማግስቱም ሉብና አልደወለችም።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። የሰውዬው ድምፅ የታፈነ ነው። ጨርቅ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል።

«የሉብና እናት ነሽ?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«ልጅሽን ከባቡር አውርደን ይዘናታል። መሬትሽን ሽጪ። ገንዘቡን የሚቀበልሽ ሰው እንልካለን። ለፖሊስ ብትናገሪ ድምጿን ዳግም አትሰሚም።»

መሪማ ስልኩን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። መሳደብ አልመጣላትም። የመጣላት የለመደችው ምርቃት ነው።

«ልጄ፣ አንተም እናት አለችህ። አላህ ልብህን ያራራው። አላህ ከክፉ ይጠብቅህ። ልጄን አትምታብኝ።»

ሰውዬው ቀስ ብሎ፣ «አሚን» አለ።

ተዘጋ።

ሙነወር ትንሽ ቆይቶ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እናቱ አምባሰል ውስጥ የሞተችው እሱ ጡት ሳይጥል ነው። መሪማ ከሉብና ጋር አንድ ትሪ ላይ አብልታ አሳደገችው። አምና ከሳዑዲ ታስሮ፣ ተጠርዞ ነው የተመለሰው።

«አብሽሪ አክስቴ። ፖሊስ ጋ ግን እንዳትሄጂ። እኔ አውቃቸዋለሁ፣ እነዚህ አይቀልዱም። መሬቱን እንሽጠው። መሬት ይተካል፣ ሉብና አትተካም።»

መሪማ ሌቱን ሰገደች፣ አለቀሰች። በነጋታው ገበያ ነበር። ዘንቢሏን ይዛ እንደ ገበያተኛ ወጣችና ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

ሳጅን ደሳለኝ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ ያደገ የሰፈር ልጅ ነው። እናቱንም ታውቃታለች። ወንበር ሰጣት፣ ውሃ አስመጣላት።

«ሰውዬው ያለውን አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩኝ፣ እማማ መሪማ።»

ነገረችው።

«አማርኛው የየት ነው?»

«እንደኛው ነው።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«መረቅሁት።»

«መረቁት?»

«ምን ላድርግ? ልጄ እጁ ላይ ናት። አሚን አለኝና ዘጋው።»

ደሳለኝ ቀና አለ። «አሚን አለ?»

«አዎ።»

«እማማ መሪማ፣ ይሄ ጣልያን ያደገ ወሮበላ አይደለም። ትልቅ ሰው ሲመርቅ እጁን ዘርግቶ ያደገ ሰው ነው። ሳያስበው አምልጦት ነው። ስልክዎ ላይ ያለው ቁጥርም የጣልያን አይደለም፣ የሳዑዲ ነው።»

«የሳዑዲ ቁጥር እኮ በየቤቱ አለ።»

«አለ። ግን ከባቡር አወረድናት ብሏል። በባቡር እንደምትሄድ ማን ያውቅ ነበር?»

መሪማ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች።

«እኔ። ኡበይድ በር ላይ ነበር። ሙነወር። ሙነወር ግን ልጄ ነው።»

የመሪማ ቦታ ሊሸጥ ነው የሚለው ወሬ ገበያ ላይ ተሰምቶ ነበር፤ ደሳለኝ መጀመሪያ ኡበይድ መደብር ሄደ።

«የመሪማን ቦታ ትፈልገዋለህ?»

«ሐይቅ ላይ የማይፈልገው አለ? ውሃው እግሩ ሥር ነው!»

«ትሸጣለች ሲባል ቀድመህ የደረስከው አንተ ነህ።»

«ገበያ ላይ ሰማሁ፣ ሄድኩ። የልጅቷን መጥፋት ወላሂ አላወቅሁም። ኧረ ሳጅን፣ እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ሌባ ነኝ?»

«ስልክህን እስቲ።»

ስልኩ ላይ የሳዑዲ ቁጥር ነበር። ኡበይድን አላበው።

«ሐጅ ስሄድ ያወጣሁት ነው! ካላመንከኝ ሚስቴን ጠይቃት!»

ቁጥሩ የደዋዩ አይደለም። ግን ሁለት ሲም ያወጣ ሰው ሦስትም ያወጣል። ሙነወር በበኩሉ ስልኩን ሳይጠየቅ አውጥቶ ሰጠ። ምንም አልተገኘበትም።

«ኡበይድን እሰረው» አለች መሪማ።

«ባስረውና ሌላ ሰው አብሮት ቢኖር ልጅቷ ትጎዳለች። ቁጥሩ የማን እንደሆነ እንዲጣራ ለበላይ አመልክቻለሁ፣ መልሱ ጊዜ ይፈልጋል።»

«እንግዲያ እኔ ወዳጃ አደርጋለሁ። ሰው ተሰብስቦ ዱዓ ያድርግልኝ።»

ደሳለኝ ያቺ «አሚን» ትዝ አለችው። «ዱዓውን የሚመሩት ሸህ ኑርዬ ይሄን ያደረገውን ሰው ይረግሙልናል?»

«እኔ ቤት ሰው አይረገምም!»

ሸህ ኑርዬ ዘንድ አብረው ሄዱ። ሽማግሌው ሰምተው ጢማቸውን ዳሰሱ። «አንረግምም። እውነቱን አውጣልን ብንል ግን ምን ነውር አለው?»

ሐሙስ፣ ከዙሁር በኋላ፣ ቤቱ ሞላ። ጫቱ ተዘረጋ። ደሳለኝ ቆቡን አውልቆ በር አጠገብ ተቀመጠ። ኡበይድም መጣ። ባይመጣ ይባስ እንደሚጠረጠር ያውቃል።

«ሉብናን በሰላም ያምጣልን!» አሉ ሸህ ኑርዬ።

«አሚን!»

«የእናቷን እንባ ያብስ!»

«አሚን!»

ሁሌም እንደሚሆነው፣ የሙነወር አሚን ከሁሉ በላይ ይሰማል። ኡበይድ ጉንጩ በጫት ተሞልቶ፣ የእሱ አሚን ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው የሚመጣው።

«ልጅቷ ያለችበትን እያወቀ፣ እናቷን የሚያስለቅስ ካለ፣ አላህ ይግለጠው!»

«አሚን!»

ኡበይድ ሳይቀር ጮኸ። ጫቱ ከአፉ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

መሪማ ግን አንድ ድምፅ ጎደለባት። ቀና አለች። ሙነወር እጁን ዘርግቷል። ከንፈሩ ገጥሟል።

ሸህ ኑርዬ ደገሙት። አሁንም ጎደለ።

መሪማ ተነሳች። በሰው መሀል አልፋ ፊቱ ቁጭ አለች።

«ሙነወር፣ አሚን በል።»

«አክስቴ…»

«አንዲት ቃል ናት። በላት።»

እጁ ወደቀ። «አልችልም።»

«ሱብሃነላህ!» አለ ኡበይድ።

«በሕይወት አለች?» አለች መሪማ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

«አለች። ምንም አልሆነችም። ፍሎሬንስ ባቡር ጣቢያ ስልኳን ሰረቋት። በቃሏ የምታውቀው የእኔን ቁጥር ብቻ ነው፣ በጓደኛዋ ስልክ ደወለችልኝ። ለእማ ንገርልኝ፣ ሌላ እስክገዛ አትጨነቅ አለች። ልነግርሽ እየመጣሁ ነበር። ወላሂ እየመጣሁ ነበር። መንገድ ላይ ሸይጧን…»

«ሸይጧንን ተወው» አለ ደሳለኝ። «አንተ ለምን አደረግኸው?»

«ባዶ እጄን ነው የመጣሁ። ያገኘኝ ሁሉ መቼ ትመለሳለህ ይለኛል። ተመልሼ ልሄድ፣ ሠርቼ መሬቱን ልተካላት ነበር።»

«ብትለምነኝ አልሰጥህም ነበር?» አለች መሪማ።

«አትሰጪኝም። እዚያ እስር ቤት አሞኝ ስመጣ፣ ዳግም ከአገር አትወጣም ብለሽ በቁርኣን አስምለሽኛል።»

እውነቱን ነው፤ አስምላዋለች።

ሙነወር የሳዑዲውን ሲም ከጫማው ሶል ሥር አወጣ። ከስልኩ አጥፍቶ በቃሉ የያዘውን የሉብናን ጓደኛ ቁጥርም ደወለ።

«ሙኔ? ለእማ ነገርካት አይደል?» የሉብና ድምፅ ነው።

መሪማ ስልኩን ነጠቀችው። «ልጄ።»

«እማ! ስልኬን በሉኝ እኮ! ከተማዋን ግን ብታያት! የድንጋይ ድልድይ አላት፣ ከላዩ የወርቅ ሱቅ የተደረደረበት። ወንዙ ዳር ዙሁርን ሰገድን፣ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ዕቃችንን ቆማ ጠበቀችልን። ኧረ ምነው ታለቅሻለሽ? ስልክ እኮ ነው የጠፋው!»

«አዎ ልጄ። ስልክ ነው። አልሐምዱሊላህ።»

ሌላውን አልነገረቻትም።

ደሳለኝ የሙነወርን ክንድ ያዘ። ሙነወር እግሯ ላይ ሊወድቅ አጎነበሰ።

«አውፍ በይኝ አክስቴ፣ ይቅር በይኝ።»

«አውፍ በይው፣ መሪማ» አሉ ሸህ ኑርዬ።

«ዛሬ አልልም። ብል ውሸት ይሆንብኛል።»

ሰዎቹ መንገድ ለቀቁ። ሙነወር አንገቱን ደፍቶ ወጣ። መሪማ እስከ ደጁ ተከተለቻቸው።

«ሳጅን፣ ጣቢያ ውስጥ ማን ነው የሚያበላው?»

«ምግብ ቤተሰብ ነው የሚያመጣው፣ እማማ። ቤተሰብ የሌለው ከእስረኞቹ ጋር ይቃመሳል።»

መሪማ ነጠላዋን ራሷ ላይ አስተካከለች።

«ምሳ በስንት ሰዓት ነው የምታስገቡት?»