በሥራ ላይ ያለ ካርድ

ማሽኑ እምቢ አላት። «ድራይቨሩ በሥራ ላይ ነው፤ ማውጣት አይቻልም» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ዝም አለ።

ብሎን ከንፈሯን ነክሳ በመስታወቱ ግድግዳ አሻግራ አየች። ብሎን የሚሏት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከቦርሳዋ ካቻቢቴ ስለማይጠፋ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ፣ በኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ፣ እስከ ትናንት ጓደኛዋ የነበረችው ቅመም እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ማስቲካ ታኝካለች። ፊት ለፊቷ ባለው ስክሪን ላይ ሊፍት የተዘጋባት አንዲት ግራጫ ድመት ትንጎራደዳለች።

ድመቷ የአምስት ወር ሥራ ናት። ታሪኩን የጻፈችውም፣ በድመቷ ድምፅ የተናገረችውም ቅመም ናት። ድመቷን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ የሠራቻት፣ ያስኬደቻት፣ ስትፈራ ፀጉሯን ያቆመችላት ግን ብሎን ናት። ከክፍል ስትወጣ በቀጥታ እዚህ፣ ቅዳሜም እዚህ። እናቷ «አልጋሽን እዚያው ላንጥፍልሽ ወይ?» እስክትላት ድረስ።

ትናንት ጠዋት የትምህርት ቤቱ የፊልም ቀን ፕሮግራም ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከድመቷ ፊልም ጎን አንድ ስም ብቻ ነበር፤ የቅመም። ብሎን ስህተት መስሏት ልትጠይቅ ወደ ኮምፒዩተር መምህሩ ቢሮ ስትሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። ቅመም ቀድማት ገብታለች። መምህሩ «ብሎንስ?» ሲላት ሰማች።

«ውይ ቲቸር፣ እሷ እኮ ገመድ ነው የሰካችው» አለች ቅመም፤ ሳቀችም።

ብሎን አልገባችም። ተመለሰች። ብታለቅስም አልወጣላትም፤ ያቺ ሳቅ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅራ ቀረች።

አሁን ረፋዱ አራት ሰዓት ነው። ፊልሙ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ይታያል። የቀረው የመጨረሻው አንድ ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ የቅመም ኮምፒዩተር ምስሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ነው። ያ ኮምፒዩተር ደግሞ ራሱን ችሎ የቆመ ዕቃ አይደለም። ብሎን በተቀመጠችበት ጠባብ ክፍል ያለው ትልቁ ማሽን በሆዱ ሁለት ኮምፒዩተሮችን እንዲይዝ ተደርጎ ተከፍሏል፤ የቅመም አንደኛው ነው። መምህሩ ለእያንዳንዳቸው ከማሽኑ ላይ አንድ አንድ ምስል የሚሠራ ግራፊክስ ካርድ በቀጥታ ሰጥቷቸዋል። ካርዱን ይዞ የሚያስረክባቸው ድራይቨር የተባለው ፕሮግራም ግን ያለው ዋናው ማሽን ላይ ነው። የዋናውን ማሽን የይለፍ ቃል የሚያውቁት መምህሩና ብሎን ብቻ ናቸው። ሲሰጣት እንዲህ ብሏት ነበር፦ «ካርዱ ሥራ ላይ እያለ ድራይቨሩን ከሥር እንዳትነኪ። ሰው መሰላል ላይ ቆሞ መሰላሉን እንደ መሳብ ነው።»

ብሎን መሰላሉን ልትስብ ነው የመጣችው።

ማሽኑ እምቢ ሲላት እጇን ማንሳት ትችል ነበር። አላነሳችም። ድራይቨሩን ጨርሶ ማውጣት ባይቻል፣ የቅመምን ካርድ ለይቶ ከድራይቨሩ ማላቀቅ እንደሚቻል ታውቃለች። ትእዛዙን ጻፈች። ፊደል እንዳትስት ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ተጫነችው።

ምንም አልሆነም። ማሽኑ ካርዱን ነጥቆ አይወስድም፤ የያዘው እንዲለቅ ይጠይቃል። «እንዲለቅ ተጠይቋል» የሚል መስመር መጣ። ከአሥር ሰከንድ በኋላ ያው መስመር ተደገመ። በሦስተኛው ላይ ብሎን ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ልቀቂው» አለች በሹክሹክታ።

አራተኛው መስመር ሳይመጣ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ስክሪን ጨለመ።

ቅመም እግሯን አወረደች። ማውሱን ወዘወዘች፣ ኪቦርዱን ደበደበች፣ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። ብሎን አንዱም ሳያመልጣት፣ የተጠማ ሰው ውኃ እንደሚጠጣ አየቻት። ቅመም ወደ ኮሪደሩ ስትሮጥ ብሎን ትእዛዙን የጻፈችበትን መስኮት ከስክሪኗ ላይ ዘጋችና እጇን አጣምራ ተቀመጠች።

መምህሩ እያለከለከ ገባ። ቅመም ተከትላዋለች፤ ከኋላዋ ደግሞ የክፍሉ ጠባቂ ጋሽ ጸጥታ መጡ። ስሙ የወጣላቸው ተማሪ ባዩ ቁጥር «ጸጥታ» ስለሚሉ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥም ይሉታል እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

«ብሎን፣ አለሽ እንዴ?» አለ መምህሩ። «ካርዱ ጠፍቶባታል። እስቲ እኔ ልየው፣ አንቺ ውጪ ቆዪ።»

«አይ ቲቸር፣ እሷን አያስወጧት» አለች ቅመም። «ድመቷን የሠራቻት እሷ ናት። እኔ አንዲት ፀጉሯን እንኳ ማንቀሳቀስ አልችልም።»

መምህሩ ዞሮ አያት። «ገመድ ነው የሰካችው አላልሽኝም?»

ቅመም አንገቷን ደፋች። «ዋሽቼዎት ነው።»

ብሎን ቂም ሲወጣ እንዲህ የሚጣፍጥ አይመስላትም ነበር። እንደ ከረሜላ ምላሷ ላይ አገላበጠችው። ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረው አጥንት ወርዶ ነበር።

መምህሩ ግን ጎንበስ ብሎ የማሽኑን ጀርባ እያየ ነው። አቧራ የለውም፤ ተጠርጓል። ቀና አለና ወደ ጠባቂው ዞረ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት እዚህ ጠርገዋል?»

«አዎ ልጄ። እንግዳ ይመጣል ብላችሁ ነዋ።»

«ገመድ ነክተዋል ማለት ነው። ስንቴ ነገርኩዎት?»

«ኧረ ጨርቅ ብቻ ነው የያዝኩት» አሉ ጋሽ ጸጥታ። ማሽኑን አዩት፣ እጃቸውን አዩት። «እንጃ... ምናልባት ነክቼው ይሆናል። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም።»

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል አይግቡ። ቁልፉን ይስጡኝ።»

ሽማግሌው አልተከራከሩም። ከቀለበቱ ላይ ቁልፉን ለማውጣት በጥፍራቸው ይታገሉ ጀመር። ቀለበቱ ጠጣር ነው፤ ጣታቸው ይንሸራተታል።

«ብሎን፣ እስኪወጣላቸው የማሽኑን መዝገብ ክፈቺልኝ» አለ መምህሩ። «ስንት ሰዓት ላይ እንደጠፋ ልየው።»

መዝገቡ ማሽኑ የሆነውን ሁሉ ከሰዓቱና ካዘዘው ሰው ስም ጋር የሚያሰፍርበት ፋይል ነው። ብሎን ከፈተችው። ስሟ አለ፤ ከስሟ ጎን ትእዛዙ፣ ከዚያ በታች ሦስቱ «እንዲለቅ ተጠይቋል»። መምህሩ ቅመምን «እስካሁን የወጣው ተቀምጧል?» እያለ ይጠይቃታል። ጀርባውን ሰጥቷል። አራት መስመር ማጥፋት አምስት ሰከንድ አይፈጅም፤ ማንም አያውቅም። ቅመም ውሸቷን በገዛ አፏ አምናለች። ጣቷ ማጥፊያው ላይ አረፈ።

ከኋላዋ ቁልፉ ከቀለበቱ ሲላቀቅ ሰማች።

ጣቷን አነሳች። ስክሪኑን ወደ መምህሩ አዞረችው።

«ቲቸር፣ ቁልፉን አይውሰዱባቸው። እሳቸው አልነኩም። ይህን ያንብቡት።»

መምህሩ አነበበ። እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበ። ቅመምም በትከሻው ላይ ተንጠራርታ አየች፤ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ሆን ብለሽ?» አለች።

«ሆን ብዬ።»

«እኔን ልታዋርጂኝ?»

«አዎ።»

ብሎን ተነስታ ጋሽ ጸጥታ ፊት ቆመች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ዓይንዎ ደህና ነው።»

ሽማግሌው ቁልፉን በመዳፋቸው እንደያዙ አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ይሁን አይሁን አይታወቅም። ቅመምም የሆነ ነገር የምትጠብቅ ይመስል ቆማለች። ብሎን አየቻት። ለእሷ የሚሆን ይቅርታ ሆዷ ውስጥ ፈልጋ አጣች፤ ስለዚህ የውሸት ይቅርታ አልጠየቀቻትም።

«ምን ያህል ይቀራል?» አለ መምህሩ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያይ።

«አርባ ሰከንድ» አለች ቅመም።

«ካርዱ ከተመለሰ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል» አለች ብሎን።

መምህሩ ወንበሩን ስቦ ማሽኑ ፊት ተቀመጠና አስቀድሞ የይለፍ ቃሉን መቀየሪያ ከፈተ። እጁን ኪቦርዱ ላይ አሳርፎ አመነታ። ብሎን አዲሱን ቃል እንዳታይ፣ ማንም ሳያዛት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።