መርዶ በጠራራ ፀሐይ

ስልሳ አንድ በመቶ።

ሸዋወርቅ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሣችም። በጆሮዋ ግን ውጭውን ትጠብቃለች። ከሮማናት አደባባይ የባጃጅ ጥሩንባና የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ይመጣል። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ የምትፈራው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የኣያ ኣታኽልቲን ግራ እግር። ሽማግሌው ያን እግራቸውን ይጎትቱታል፤ ሲመጡ ከሩቅ ይሰማል።

ለጎረቤት ቀብር ሄደዋል። እስከ አምስት ሰዓት አይመለሱም ብላለች።

ሰባ አራት።

በዚህች ፊልም መጫኛ ሱቅ ውስጥ ስሟ ኤልሻዳይ ነው። ሰው ፍላሽና ሜሞሪ ይዞ ይመጣል፣ እሷ ፊልምና ዘፈን ትጭንለታለች። አሥራ አንድ ወር ሆናት። ስም በሌለው ቢሮ መዝገብ ላይ ደግሞ «መርፌ» ትባላለች። አለቃዋን የምታውቀው በድምፁ ብቻ ነው፤ «አውራ» ይሉታል። የአውራ ትእዛዝ አጭር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ያዩትን የተናገሩ የሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች ስም፣ መንደርና ስልክ ያለበት ሰነድ ጠፍቷል። ሽማግሌው ደብቀውታል፣ ሊሸጡት ነው። ፈልጊው፤ ይቃጠላል። ክፉ እጅ ከገባ እነዚያ ሰዎች አንድ በአንድ ይለቀማሉ።

መደበቂያውን ያገኘችው ትናንት ነው፤ ለአውራም ወዲያው ነገረችው። ለካ ፊልም ውስጥ ነበር። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በሩቅ ምሥራቅ የተሠራ፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሰች ልጅ የመንግሥታትን ኮምፒውተር እየሰበረች ከጣሪያ ጣሪያ የምትዘልበት አሮጌ ፊልም። የዚያ ዘመን ፊልም ቢበዛ ሰባት መቶ ሜጋባይት ነው። ይሄ ሁለት ጊጋ ሆኖ ተገኘ። ፊልም ደግሞ በእርጅና አይወፍርም።

መቶ።

ሸርተት። ሸርተት።

ፍላሹን ነቅላ መዳፏ ውስጥ ቀበረችው።

ኣያ ኣታኽልቲ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ገቡ። «ዋእ! ጓለይ፣ ልጄ፣ ቁርስ እንኳ አልበላሽም?» ዓይናቸው ኮምፒውተሩ ላይ ሲያርፍ ፈገግታቸው ጠፋ።

«ይህን ፊልም ማን ጠየቀ?»

«ማንም። እኔው ልየው ብዬ ነው፣ ኣያ።»

«ይህ አይገለበጥም።»

«አልገለበጥኩም።»

ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ወደ ፊቷ መለሱ። ፍላሹን ይበልጥ ጨበጠችው።

ያዳናት «ልየው» ማለቷ ነው። ሽማግሌው በርጩማ ስበው ተቀመጡ። በጉልምስናቸው ከእንዳ ኢየሱስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቁልቁል በነበረ ቪዲዮ ቤት ማይክሮፎን ይዘው ፊልም ይተረጉሙ ነበር። የተዋናዮቹን ቋንቋ አንድ ቃል አያውቁም፤ ከራሳቸው ይፈጥሩታል። ለሁሉም የአገር ስም ያወጡለታል።

«ያ ባለ መነጽሩ ክፉ ሰውዬ ኮሎኔል ሽሮ ነበር» አሉና ሳቁ። «ተማሪው ተነሥቶ ያጨበጭባል። ፍሬወይኒ ልጄ ትንሽ ናት፣ ከማይክሮፎኑ ሥር ከጓደኛዋ ከኣንዶም ጋር ትቀመጣለች። ‹ኮሎኔል ሽሮ መጣ!› እያሉ ሁለቱ ይጮኻሉ። ሲያድጉም እንዳይለያዩ ሆነው አንድ መሥሪያ ቤት ገቡ።»

«አሁን የት ናት?»

«ሥራ ላይ ናት። አራት ዓመት ሆናት እንጂ ትመጣለች። ኣንዶም ሲሰደድ ይህን ፊልም ሰጠኝ፤ ‹እስክትመጣ ድረስ ለማንም እንዳትሰጥ› አለኝ። ስትመጣ አብረን እናየዋለን።»

ሃርድ ዲስኩን ነቅለው የብረት ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነው። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው እንደ ሁልጊዜው ለልጃቸው ደወሉ። ሸዋወርቅ ያን ድምፅ አሥራ አንድ ወር ሰምታዋለች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።» ሽማግሌው ልጅቷ ራሷ ያነጋገረቻቸው ይመስል እስከ መጨረሻው ሰምተው ዘጉት።

ሸዋወርቅ ለመላላክ የምትወጣ መስላ ሄደች። ከመንገዱ ማዶ ካለ ካፌ ጥግ ተቀምጣ ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈተች። የተደበቀው ሰነድ የይለፍ ቃል ጠየቃት።

ኮሎኔል ሽሮ፣ ብላ ጻፈች።

ተከፈተ።

ስም፣ መንደር፣ ስልክ። ከሥሩ እያንዳንዱ ሰው የተናገረው። ማንበብ አልታዘዘችም፤ አነበበች። መጨረሻው ገጽ ደረሰች። እዚያ ላይ ጽሑፉ የሌላ ሰው ነው።

«የምስክርነት መዝጋቢያችን ፍሬወይኒ ኣታኽልቲ ሚያዝያ ሃያ አንድ ተገድላለች። ከውቅሮ መንገድ ገባ ብላ ባለችው ማርያም፣ ከትልቁ ወይራ በስተግራ ቀበርናት። አባቷን መርዶ መንገር አቃተኝ። ትመጣለች አልኳቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ኣንዶም።»

መርዶ ሥርዐት አለው። ጎሕ ሳይቀድ፣ የሚያውቁህ ሽማግሌዎች፣ ዘመድ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ስትወድቅ የሚይዝህ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገርህ። በዚያ ክፉ ጊዜ ኣንዶም ይህን ሁሉ ከየት ያምጣ? በደግነት ዋሸ። የደግ ሰው ውሸት ግን ከክፉ ሰው እውነት ይብሳል፤ ሽማግሌውን አራት ዓመት ሙሉ በር በሩን እያዩ እንዲኖሩ አደረጋቸው።

እኚህ ሰው ደግሞ የሚሸጡት ነገር የላቸውም። የሚጠብቁት ልጅ ብቻ ነው ያላቸው። ታዲያ አውራ ለምን ዋሸኝ? ስትል አሰበች። ስልኳ ነዘረ፤ የቢሮው መልእክት ነው።

«ስድስት ሰዓት። እንዳ ኢየሱስ። ክር ይቀበልሻል።»

ክር ማለት ቸርነት ነው። ከመርፌ ኋላ ስድስት ዓመት የተከተለ የሥራ ባልደረባ፣ አንዴም ሕይወቷን ያተረፈ። ከግቢው አሮጌ ምሽግ ግንብ ሥር ቆሞ አገኘችው። ተማሪዎች ደብተር ይዘው በአጠገባቸው ያልፋሉ።

«መርፌ አለች?» አለ።

«ክር ካለ።»

«አመጣሽው?»

«ይኸው።» ፍላሹን አሳየችው እንጂ አልሰጠችውም።

«የይለፍ ቃሉስ?»

ፍላሹን መልሳ ጨበጠችው።

«የሚቃጠል ነገር ቁልፍ ምን ያደርግለታል፣ ቸርነት?»

ወደሚያልፉት ተማሪዎች ዘወር አለ።

«ማን ነው የሚከፍተው?»

«አትጠይቂኝ፣ ሸዋ። እባክሽ።» ድምፁ የእውነት ለመናት። «አውራ ሰነዱን ለሚፈልጉት ሰዎች ቃል ገብቷል። እኔና አንቺ ተላላኪዎች ነን።»

«ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ነው!»

«እኔም ልጆች አሉኝ። ቤቴን ያውቁታል።» ክንዷን ጨበጠ። «ዋናውን የሚወስዱ ሁለት ሰዎች ወደ ሱቁ እየሄዱ ነው። ቃሉን አንቺ ካልሰጠሽኝ ሽማግሌውን ይጠይቋቸዋል። እንዴት እንደሚጠይቁ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች።

ፍላሹን ድንጋይ ላይ ጥላ በተረከዟ አደቀቀችው። ቸርነት እጇን ጠመዘዘ። አንድ ጣቷ ቋ ሲል ራሷ ሰማችው። በላፕቶፑ ጠርዝ አፍንጫውን መታችው። ደሙን በሁለት እጁ ሲይዝ፣ ተማሪዎቹ መሐል ገብታ ቁልቁል ሮጠች።

«ሮማናት! ቶሎ!»

የባጃጁ ሹፌር የተጣመመ ጣቷን አይቶ ዋጋ አልተከራከረም።

ከባጃጁ ስትወርድ ሁለቱ ሰዎች ከአደባባዩ ማዶ መኪና ሲያቆሙ አየች። ወደ ሱቁ ገብታ የብረት መዝጊያውን ከውስጥ ጎትታ ቆለፈችው።

«እንታይ ኮይኑ? ምን ሆንሽ፣ ጓለይ? እጅሽ!»

«ኣያ፣ ሣጥኑን ይክፈቱ። ዲስኩ አሁኑኑ መሰበር አለበት። ሊወስዱት እየመጡ ነው።»

እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄዶ ቁልፉን ጨበጠ። «የልጄ አደራ ነው።»

«ውስጡ የሰዎች ስም አለ። ካገኙት ይገድሏቸዋል።»

«ይግደሉኝ እንጂ አልሰጥም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ስትመጣ ምን እላታለሁ?»

መዝጊያው ተንኳኳ። በትሕትና።

ሸዋወርቅ ቁልፉን መንጠቅ ትችል ነበር። እንደዚያ ሠልጥናለች። አልቻለችም። እኚህ ሰው ለአሥራ አንድ ወር እንጀራቸውን ከፍለው አብልተዋታል፣ ብርድ ሲመታት ጋቢያቸውን አልብሰዋታል። እሷ ደግሞ ስሟን እንኳ አልሰጠቻቸውም። መርዶን በቆመበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወንበዴ በር ላይ ቆሞ የተናገረ ሰው ከሷ በፊት አልነበረም።

«ፍሬወይኒ አትመጣም፣ ኣያ።»

ሽማግሌው አዩዋት።

«ኣንዶም ጽፎታል። አንብቤዋለሁ። ሚያዝያ ሃያ አንድ ሞታለች። ከተጻፉት ሰዎች መሐል አንዳቸውንም አሳልፋ አልሰጠችም። ለዚህ ነው የገደሏት።» የመጨረሻውን ከራሷ ጨምራው ይሁን አይሁን ራሷም አላወቀችም። በኋላ ብዙ ቀን አስባበታለች።

«አንቺ ማነሽ?»

የሙያዋ የመጀመሪያ ሕግ እውነተኛ ስምን አለመናገር ነው።

«ሸዋወርቅ እባላለሁ። ኤልሻዳይ የምትባል ሰው የለችም። እርስዎን ልሰልል ነው የመጣሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

መዝጊያው አሁን በእርግጫ ተመታ።

«የት አኖሯት?»

«ከውቅሮ መንገድ ገባ ብላ ባለች ማርያም። ከትልቁ ወይራ በስተግራ።»

ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። ቁልፉን ከማተባቸው ፈቱት። ዲስኩን አውጥተው መሬት ላይ አኖሩት፣ ከመሣሪያ ሣጥኑ መዶሻ አነሡ። አንድ ጊዜ መቱ። ሁለት። ከዚያ መቁጠር አቃታት። ብረቱ ተሰነጠቀ፣ ውስጡ ያለው እንደ መስተዋት የሚያበራ ሳህን ደቀቀ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች ከመለቀም ተረፉ። የተናገሩት ቃልም አብሮ ደቀቀ፤ ሌላ ቅጂ አልነበረም።

መዝጊያው ከታች በፒንሳ ተፈልቅቆ አንድ ክንድ ከፍ አለ። የወንድ ጫማ ታየ።

ያን ጊዜ ኣያ ኣታኽልቲ ጮኹ።

«ፍሬወይነየ! ጓለይ!»

የአራት ዓመት ለቅሶ በአንድ ጊዜ ወጣ። ሸዋወርቅ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው ደረት ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ የለም። ጎረቤት ልብስ ስፌት ቤት ያለችው ኣብርሀት መቀስዋን ጥላ ሮጠች። የታክሲ ረዳቶቹ ጥሪያቸውን አቆሙ። የፀጉር ቤቱ ደንበኛ ግማሽ ጢሙን እንደተላጨ መጣ። በደቂቃ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ሆነ። ሁለቱን ሰዎች ገፍተው መዝጊያውን ወደ ላይ አነሡት። አንዱ ወንበዴ ፒንሳውን ከጀርባው ደበቀ፤ ሌላው ምን ያድርግ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከሴቶቹ አንዷ ደረቷን ትመታ ጀመር። ሸዋወርቅ በዚያ መሐል ወጣች። ጩኸቱ እንደ ጠቀማት ታውቃለች፤ ስለ ጠቀማትም ራሷን ጠላች። ስልኳን መንገድ ላይ ካገኘችው የፍሳሽ ቦይ ከተተችው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቢሮ የላትም፣ አገሩ ሁሉ የአውራ ወጥመድ ነው።

በሦስተኛው ቀን መምጣት አልነበረባትም። መጣች።

የለቅሶው ድንኳን ሞልቷል። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ሸፍና ከአሥር ከሚበልጡ ሴቶች ጋር ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። ቸርነት በወንዶቹ በኩል ነው፣ አፍንጫው ላይ ፕላስተር ለጥፏል። ዓይኑ ከነጠላ ነጠላ ይዘላል። በለቅሶ ቤት ግን የማንንም ነጠላ ገልጦ ማየት አይችልም።

ኣያ ኣታኽልቲ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። በሦስት ቀን አሥር ዓመት አርጅተዋል። ሽማግሌዎቹ ተቀይመዋል፤ ሥርዐቱ ሳይፈጸም፣ እነሱ ሳይጠሩ እንዴት ይህ ሆነ? በመጨረሻ ኣብርሀት ደፍራ ጠየቀች።

«ኣያ፣ መርዶውን ማን ነገረዎት?»

ቸርነት ቀና አለ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ሴቶቹ አነሡ። አንዷም ላይ ሳያቆሙ መለሱት።

«እኅቷ» አሉ። «የፍሬወይኒ ታላቅ እኅት።»

ኣብርሀት ሰውየው አንድ ልጅ ብቻ እንደነበራቸው ታውቃለች። ሐዘን ያናገራቸው መስሏት አንገቷን ደፋች።

ሸዋወርቅ አለቀሰች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ድምፅ አውጥታ፣ ሴቶቹ ሁሉ እንደሚያለቅሱት። አጠገቧ ያለች የማታውቃት እናት ትከሻዋን ይዛ «ኣጆኺ፣ አይዞሽ» አለቻት፤ ማን እንደሆነች ግን አልጠየቀቻትም። ሴቶቹ ሲነሡ ተነሥታ አብራቸው ወጣች። ከሰሜን መናኸሪያ፣ በወይራዋ ማርያም በኩል የሚያልፍ የውቅሮ ሚኒባስ አገኘችና ከኋላ ወንበር፣ ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጠች።