ካሜራው ያያት ባለብርማ ፀጉር

የፊልም ፕሮዲውሰሩ ጋሽ ደመላሽ እሁድ አመሻሹ ላይ ፍሌሚንግተን ሰፈር ካለው ስቱዲዮ ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። የኮሪደሩ ካሜራ የቀዳው አጭር ነው፤ ካባ የለበሰች፣ ብርማ ፀጉሯ ወገቧ ላይ የተዘናፈለ ሴት ከጀርባዋ ትታያለች፤ ፕሮዲውሰሩን ትገፋለች፤ ትሰወራለች።

ባለብርማ ፀጉሯ የፊልማቸው ጀግና ናት፤ ከጃፓን የሥዕል መጽሐፍ የወጣች ሰይፈኛ። የምትጫወታት ደግሞ ሃሌሉያ ናት። «ጥቁር ልጅ ለምን ተመረጠች?» እያለ ኢንተርኔት ላይ ሲሳደብ የከረመው ሁሉ አሁን «አላልንም?» ይላል።

መርማሪዋ ራሕዋ ደክሟታል። ሳያዩ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው የሚያደክሟት።

«ከጋሽ ደመላሽ ጋር ተጣልተሽ ነበር?» አለቻት ሃሌሉያን።

«ፊትሽ በሜካፕ ይቅላ ሲሉኝ ተጣላን። ይቅርታ ጠየቁኝ፤ አለቀ።»

«ቪዲዮውን አሳዩሽ?»

«ማን ያሳየኛል? አንቺ ነሽ ብቻ ነው የሚሉኝ።»

ራሕዋ የልጅቷን እንደ ጣት የወፈረ ሹሩባ ልብ ብላ አየች።

ዳይሬክተሩ እዩ ሳይጠየቅ ጀመረ። «እኔ እንደ ሥዕሉ ትሁን ነው ያልኩት፤ ቢያንስ ቀይ። ዘረኛ አይደለሁም እህት ራሕዋ፤ እኔም እኮ ጥቁር ነኝ!»

«አየሁ» አለች ራሕዋ።

ትሕትና መጀመሪያ የተመረጠችው፣ ኋላም በሃሌሉያ የተተካችው ቀይዋ ተዋናይ ናት። «ቀረጻው ከተጀመረ ወዲህ እዚህ አልረገጥኩም፤ ከከተማው ዳር ሜልተን ነው ያለሁት» አለች።

ራሕዋ ሦስቱንም ሰበሰበችና የጀግናዋን ካባና ብርማ ዊግ ከስቱዲዮው አልባሳት ክፍል አምጥታ ለሃሌሉያ ሰጠቻት። «ካባውን ልበሺ፤ ዊጉንም አድርጊው።»

ዊጉ ትልቅ ድስት ላይ እንደተደፋ ትንሽ ክዳን ሹሩባዋ ላይ ቁጢጥ አለ። ወደ ታች ስትስበው ተስፈንጥሮ ወደቀ።

«ለሉጫ ፀጉር የተሠራ ነው» አለች ሃሌሉያ። «ትልቁ ዊግ እስኪመጣ የካባውን ቆብ ደፍቼ ነው የምቀረፀው።»

«ሹሩባዋን ፈትታው ቢሆንስ?» አለ እዩ።

«ተፈትቶ እንደገና ለመሠራት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ፖሊስ ወዲያው ቤቷ ሲደርስ ሹሩባዋ እንዳለ ነበር። ያንተ ጭንቅላት ላይ ግን ዊጉ ይገባል።» እዩ ደነገጠ። «አትደንግጥ። ቆብ ድፊ ያልካት አንተ ነህ፤ እሷን ልምሰል ብትል ቆብ ትደፋ ነበር፤ ቪዲዮው ላይ ያለችው ግን አልደፋችም። ይቺን ጀግና ያለ ቆብ የሚያውቃት መጽሐፉን ያየ፣ ቀረጻውን ግን ያላየ ሰው ነው።» ወደ ትሕትና ዞረች። «መጀመሪያ ስትመረጪ የተሰጠሽን የስቱዲዮውን ቁልፍ መልሰሻል?»

ትሕትና አጭር ፀጉሯን ዳበሰች።

«ልገፋቸው አልመጣሁም። ዊጉና ካባው እንዴት እንደሚያምሩብኝ ላሳያቸው ነበር። ‹ትሕትናዬ፣ ደክሞኛል፤ በቃ ሂጂ› አሉኝ። ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም! ሥዕሉ እኮ እኔን ነው የሚመስለው!»

«ሥዕሉ የጃፓን ልጅ ነው» አለች ራሕዋ። «አንቺንም አይመስልም።»

ትሕትና ከተወሰደች በኋላ እዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሃሌዬ፣ አትቀየሚኝ፤ ቪዲዮው ላይ ቁርጥ አንቺን ነበር እኮ።»

«ዊጉ እንደማይገባኝ ታውቅ ነበር» አለች ሃሌሉያ። «ቪዲዮውንም አይተሃል። እስር ቤት ልገባ ስል አንዲት ቃል ትንፍሽ አላልክም።»

እዩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሂጂ የኔ እህት፤ ነፃ ነሽ» አለች ራሕዋ።

ሃሌሉያ ካባውን አውልቃ እዩ ጭን ላይ ጣለችለትና ወደ ቤቷ የሚወስዳትን ትራም ልትይዝ ወጣች።