መርፌዋና ዳኛው

ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሁለት ሰው ነበር፤ አንዱም ፈቀቅ አላለላትም። በመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ዘግይታ ስትገባ ባዶ ሆኖ ያገኘችው ብቸኛ ወንበር ከመስኮቱ ሥር፣ ፊቱን የቋጠረ አንድ ወጣት አጠገብ ያለው ነበር። ልትቀመጥ ስትጠጋ ወጣቱ ቀና እንኳ ሳይል «ሰው አለው» አላት።

«ማን?»

«ቦርሳዬ።»

ቦርሳውን አንስታ መሬት ላይ አኖረችለትና ተቀመጠች። ጠብ ፈልጋ አልነበረም፤ ከእናቷ ልብስ ስፌት ቤት እስከ ማሠልጠኛው በእግሯ መጥታ ጉልበቷ ዝሎ ነው። ወጣቱ ያን ጊዜ አያት። ዓይኑ ቁጡ ነበር፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ትውውቃቸው ይኸው ነው።

ማሠልጠኛው ምንም የማያውቀውን ሰው በስድስት ወር ሶፍትዌር ሠሪ አደርጋለሁ ብሎ ነበር ያስመዘገባቸው። መምህሩ ግን ገና ሲገቡ ያሉት ሌላ ነው። «ከመካከላችሁ ግማሹ አይጨርስም። ኮምፒውተር ለማንም አያዝንም፤ እኔም እንደዚያው ነኝ።» ከዚያ ተማሪዎቹ በየተራ ከምን ሥራ እንደመጡ እንዲናገሩ አዘዙ። አንዱ ሒሳብ አጥንቷል፣ አንዷ ባንክ ቤት ሠርታለች። እሷ ተነሥታ «ልብስ ሰፊ ነኝ» ስትል ከኋላ በኩል ሳቅ ተሰማ። በማግስቱ ስትመጣ ስሟ «መርፌ» ሆኖ ጠበቃት።

ከጎኗ ያለውም ቅጽል ስም አላጣም፤ ዳኛው ይሉታል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠ፣ ኮድ መጻፍ ለብቻው የለመደ፣ የሰው ሥራ አይቶ «ይኼ ቆሻሻ ነው» ለማለት የማይሰስት ሰው ነው። ማንም አይወደውም፤ ሁሉም ግን ይፈራዋል።

ቤትም ቢሆን የሚያጽናና ፊት አልነበረም። እናቷ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን በስፌት ነው ያሳደገቻት። አሁን ዓይኗ እየደከመ፣ ክር ከመርፌ ለማስገባት እንኳ የልጇን እጅ መጠበቅ ጀምራለች።

«ስድስት ወር ሰጥቼሻለሁ» አለቻት። «ስድስት ወር ከአንድ ቀን ብሎ ነገር የለም። ደንበኛ ቀሚሴ ደረሰ ወይ ይለኛል እንጂ ኮዱ ደረሰ ወይ አይለኝም።»

«እማ፣ ያንቺን ዓይን እያየሁ በዚህ ሥራ እንዴት ልተማመን? የእኔም ነገ ይኸው ነው።»

«እስካሁን የተማረው ምላስሽ ብቻ ነው» አለች እናት፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ እሬት መረሯት። አንድ ሰረዝ ትረሳለች፤ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ይሞላል። ሰረዙን ስታገባ ደግሞ ቅንፍ ጎድሎ ይገኛል። መምህሩ ስሕተቷን ፕሮጀክተር ላይ ያወጡና «ይኼን ማን ያስረዳን?» ይላሉ። ዳኛው እጁን ሳያወጣ ይመልሳል፤ ክፍሉ ይስቃል። እሷ የሰማችውን ሁሉ በደብተሯ ትጽፋለች። ስፌት ስትማርም እንዲህ ነበረች፤ የተሰፋውን ፈትታ፣ ደግማ ሰፍታ፣ ደግማ ፈትታ ነው እጇ የገባው። ኮዱንም ትፈታው ጀመር። አንድ መስመር ታወጣለች፣ ምኑ እንደተበላሸ ታያለች፣ ትመልሰዋለች። በሁለተኛው ወር ማለቂያ ላይ አምስት ሰዎች ትምህርቱን ትተው ሄደዋል። እሷ አልሄደችም።

በሦስተኛው ወር መምህሩ ሁሉንም ሁለት ሁለት አድርገው መደቡ።

«መምህር፣ እኔ ከመርፌ ጋር አልሠራም» አለ ዳኛው በሰው ፊት።

«እኔም ከእሱ ጋር አልሠራም» አለች።

«መቼም ተስማምታችኋል» አሉ መምህሩ። «አብራችሁ ሥሩ።»

ሥራው ለአንድ ክሊኒክ የሚሆን የቀጠሮ መያዣ ፕሮግራም ነው። በሽተኛው በስልኩ ገብቶ ሐኪምና ሰዓት ይመርጣል። ክሊኒኩ የተሻለውን ሊጠቀምበት፣ ከሠሩትም አንድ ሰው ሊቀጥር ቃል ገብቷል። ደንቡ አንዱ ሲጽፍ ሌላው አጠገቡ ሆኖ እንዲመራ፣ በየግማሽ ሰዓቱም እንዲቀያየሩ ነው። ዳኛው ግን ኪቦርድ ከያዘ አይለቅም። በሦስተኛው ቀን ሰዓቷን አየችና የኪቦርዱን ገመድ ነቀለችው።

«ምን ሆነሻል?»

«ግማሽ ሰዓትህ አልቋል።»

«አንቺ አንድ መስመር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብሻል።»

«እንግዲያው በዚህ ግማሽ ሰዓት አንድ መስመር ይጻፋል» አለችና ወንበሯን አስጠጋች።

ጻፈች። እሱ ከንፈሩን ነክሶ ጠበቀ። ስትሳሳት በረጅሙ ይተነፍሳል፤ እሷ እንዳልሰማች ሆና ታርመዋለች። ቀን በቀን ትንፋሹ እያጠረ መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዓይኑ ከስክሪኑ ወርዶ ጣቶቿ ላይ ቀረ። ጫፋቸው መርፌ በወጋጋቸው ጥቃቅን ጠባሳዎች ተሞልቷል።

«ምን ታያለህ?»

«የተሳሳተ መስመር» አለ። መስመሩ ግን ትክክል ነበር፤ ሁለቱም አውቀውታል።

በማግስቱ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ መጣና አንዱን ምንም ሳይል አጠገቧ አስቀመጠ። እሷም ምንም ሳትል ጠጣችው። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ነገር ይነጋገሩ ጀመር። ዩኒቨርሲቲ ለምን እንዳቋረጠ ጠየቀችው።

«አንድ ፈተና ወደቅኩ። አባቴ ርዕሰ መምህር ነው። እኛ ቤት መሳሳት ከመስረቅ እኩል ነው። አንድ ዓመት ሙሉ አላናገረኝም፤ እኔም አልተመለስኩም።»

የሻይ ብርጭቆውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሲል ግን አንድ ነገር አልዋጥልሽ አላት። «ሁለት በሽተኛ እኩል አንድ ሰዓት ቢመርጡስ?»

«አይሆንም።»

«እናቴ ሱቅ ሁልጊዜ ይሆናል። እኔ ከፊት ለአንዷ ቀን እሰጣለሁ፣ እማ ከጓዳ በስልክ ያንኑ ቀን ለሌላዋ ትሰጣለች። ሁለቱም ይመጡና እኛን ይጣሉናል።»

«ይኼ ሱቅ አይደለም» አለ። «በአንድ ሰከንድ ሁለት ሰው ይጫናል ብለሽ ነው? በከንቱ አታወሳስቢው። ያ ክፍል የእኔ ነው፤ ጨርሼዋለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትከራከረው ነበር። ልቧ ለስልሶ ስለነበር ተወችው።

ሥራው በሚታይበት ቀን የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ሐኪም፣ ከፊት ተቀመጡ። ዳኛው ሲያስረዳ እስኪጨርስ አዳመጡት። ከዚያ ስልካቸውን አወጡና ለረዳታቸው «እስቲ እኔና አንተ እኩል እንጫን» አሉ። ተጫኑ። ሁለቱም ስልኮች ላይ ያው ሐኪም፣ ያው ሰዓት ወጣ።

«እነዚህ ሁለት በሽተኞች ደጄ ላይ ሲናነቁ ማን ሊገላግል ነው?» አሉ ሐኪሟ።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። የመምህሩ ፊት ጠቆረ። «ይህን ክፍል ማን ጻፈው?»

ልጅቷ ወደ ዳኛው ዞረች። እሱ ጠረጴዛውን ያያል።

«ከመርፌ ሌላ ማን ሊሆን» አለ ከኋላ አንዱ።

ፕሮግራሙ እያንዳንዱን መስመር ማን መቼ እንደጻፈው የሚያሳይ መዝገብ አለው። ሁለት ጊዜ ብትጫን የዳኛው ስም ግድግዳው ላይ ይወጣል። እጇ ማውሱ ላይ ነበር። አልተጫነችም። ቃሉ ከእሱ አፍ እንዲወጣ ፈልጋ ጠበቀች። ዳኛው ትንፍሽ አላለም።

«ገባኝ» አሉ መምህሩ እሷን እያዩ። «አንድ ሳምንት አለሽ። ካልተስተካከለ እንዳትመጪ።»

ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ «ስሚኝ» እያለ ሲከተላት ወደ ኋላ አላየችም።

ቅዳሜ ጠዋት ዳኛው ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆመ። እናት የስፌት መኪናዋን እየመታች ነበር፤ ፔዳሉን ለቀቀችና ዓይኗን አጥብባ አየችው።

«አንተ ነህ ዝም ያልከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ድምፅህ ደህና ነው ለካ። ምላሱን የታመመ ሰው መስሎኝ ነበር።»

ልጅቷ ገበታው ላይ ጨርቅ እየቆረጠች ነበር፤ መቀሱን አላቆመችም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አላት። «አስጠንቅቀሽኝ ነበር። ፈራሁ።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዋርደኸኝ፣ ይቅርታውን ለብቻዬ ደብቀህ ይዘህልኝ መጣህ?»

«ምን ላድርግ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? እስከ ትናንት ሁሉን የምታውቀው አንተ ነበርክ።»

ሊሄድ ዞረ፣ ተመለሰ። «እወድሻለሁ» አለ፤ ወንጀል እንደሚናዘዝ ሰው ነበር ያለው። «ቦታው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሌላ ቀን ግን ድፍረቱን ላላገኘው እችላለሁ።»

«ውጣልኝ» አለችው። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ በዚያም የባሰ ተናደደች።

ከሄደ በኋላ እናት «አልወደድኩትም» አለች።

«እኔም አልወደድኩትም።»

እናት ወደ ገበታው ጎንበስ ብላ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰች። አቆራረጡ እንደ እባብ ተጠማዟል። «መቀሱ ሌላ ይላል» አለችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት፣ ዳኛው ከፊት ወጥቶ ቆመ። ፕሮጀክተሩን ራሱ አበራ፤ መዝገቡን ከፈተ። ስሙ ግድግዳው ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «እሷ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ ናቅኳት። ማን ጻፈው ሲባልም ዝም አልኩ። እሷ ይህን መዝገብ መክፈት ትችል ነበር። አልከፈተችብኝም።»

ያን ቀን የሳቀ አልነበረም። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት። «ትምህርትህን ጨርስ» አሉት። «ስለ አንተ የምስክርነት ደብዳቤ ግን ከእኔ አትጠብቅ።» ወደ እሷ ዞሩና ይቅርታ የሚሉ መሰለ፤ አላሉም። «ሥራሽን ቀጥዪ» ብቻ አሏት።

አራት ቀን ሠሩ። አንዱ በሽተኛ ሰዓቱን መያዝ ሲጀምር ለሌላው በሩ እንዲዘጋ አድርጋ የጻፈችው እሷ ናት። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ስትጠይቀው ይመልሳል፤ ካልጠየቀችው ዝም። በአራተኛው ቀን ሁለት ስልክ ይዘው እኩል ተጫኑ። አንዱ ቀጠሮውን አገኘ፤ ሌላው «እባክዎ ሌላ ሰዓት ይምረጡ» የሚል መጣበት። ደግመው ሞከሩ፣ ሰባት ጊዜ። ከዚያ ተያዩ፤ እሷ ሳታስበው ፈገግ አለች።

«አልታረቅኩህም» አለች ወዲያው።

«አውቃለሁ።»

«ነገ ግን ና። የቀረ ሥራ አለ።»

ቀሪ ሥራ አልነበረም። እሱም ይህን እያወቀ መጣ።

ከእሷ ጋር ሃያ ሦስት ከነበሩት አሥራ አንዱ ጨረሱ። ክሊኒኩ የቀጠረው እሷን ነው። ሐኪሟ በመጀመሪያው ቀን «እዚህ ስትሳሳቺ ሰው ይታመማል» ብቻ ብለው ጠረጴዛዋን አሳዩዋት። ዳኛው ደብዳቤ የሌለው ሆኖ አራት ወር የቢሮ ደጅ ጠና። ቅዳሜ ቅዳሜ ይገናኛሉ፤ አብዛኛውን ሰዓት ይጨቃጨቃሉ፣ ለመለያየት ግን ማንም ቀድሞ አይነሣም።

አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ዝናብ አበስብሶት የክሊኒኩ በር ላይ አገኘችው።

«ዱቄት ፋብሪካ በሶፍትዌር ሠሪነት ተቀጠርኩ» አላት። «ደብዳቤ ለምን የለህም አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።»

«ሁሉንም?»

«አንቺንም ጭምር። ሰውየው ከልጅቷ ጋር እንዴት ሆናችሁ አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ገና አልጠየቅኳትም አልኩት።»

ዝናቡን፣ የጫማውን ጭቃ፣ ከቅንድቡ የሚወርደውን ውኃ ተራ በተራ አየች። ከዚያ ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ ከሥሩ አስገባችው። እስኪጠጋት ድረስ ጠበቀችና «እሺ» አለችው።

«ገና መች ጠየቅኩሽ።»

«አንተን ስጠብቅማ አረጃለሁ። የምትፈራውን ሰው ሄደህ ጠይቅ።»

ስፌት ቤቱ ሲደርሱ እናት መስኮቱ ሥር ልብስ ይዛ ነበር፤ ቀና አላለችም። ዳኛው መሐል ወለል ላይ ቆመ፤ ከልብሱ የሚንጠባጠበው ውኃ እግሩ ሥር ኩሬ ሠራ።

«እናቴ፣ ልጅዎን ላገባ እፈልጋለሁ» አለ። አልተንተባተበም።

እናት መርፌውን ወግታ አወጣች፤ ደግማ ወግታ አወጣች።

«ወንበር ሳብና ተቀመጥ» አለች እናት በመጨረሻ። «ብርሃን እየከለልክብኝ ነው።»