የግራው ጠርዝ ስፌት

መርማሪው የሁሉንም ቃል ተቀበለ፤ የመኪና ሻጩን፣ ሊገዛ የመጣውን የጥርስ ሐኪም፣ የመካኒኩን። የመኪና ወንበር ሰፊዋ አሮጊት ጋ ሲደርስ ግን ደብተሩን አጠፈ።

«እማማ፣ ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው እዚያ ጥግ አረፍ ይበሉ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወንበር ሰፍታ እንደ አሮጌ ጎማ ወደ ጥግ ተገፋች። ደግሞስ እንዴት ትረፍ? እጁ ካቴና የገባው መካኒክ የእህቷ ልጅ ነው፤ እሷው ናት ያሳደገችው።

ሟቹን «ጆሮ» ይሉታል። ያገለገለ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሁሉ እሱን ይዞ ይመጣል፤ አጭሩ ሽማግሌ ሞተሩን አዳምጦ «ውሰድ» ወይም «ይቅርብህ» ይላል። ዛሬ ጠዋት ባለ ሁለት በሯ ቀይ የስፖርት መኪና ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ሞተሩ ይሠራል፤ የጋራዡ በር ተዘግቷል።

«ጭስ ነው የገደለው፤ ማጅራቱ ያበጠውም ሲደፋ ነው» አለ መርማሪው። «በሩን የዘጋበት መካኒኩ ነው። ትናንት ተጣልተዋል።»

«በሩን ከፍቼለት ዘይት ልገዛ ወጣሁ እኮ!» አለ መካኒኩ።

አሮጊቷ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞረች። «አንተ ረጅሙ፣ ትናንት በምን ተጣሉ?»

«ጆሮ ኮፈኑን በእጁ ዳሰሰና ተቆጣ። ‹የሞቀ ሞተር ጉዱን ይደብቃል፤ ነገ ቀዝቃዛውን እሰማለሁ› ብሎ ሄደ።»

«አሙቀው ያለኝ እሱ ነው» አለ መካኒኩ፣ በአገጩ ወደ ሻጩ እየጠቆመ።

«ይህችን አሮጊት ዝም የሚያሰኝልኝ የለም?» አለ ሻጩ። «እኔ ከትናንት ወዲህ መኪናዋ አጠገብ አልደረስኩም። ዛሬም ፖሊስ ጠርቶኝ ነው የመጣሁት።»

«ይህችን ቃል ያዝልኝ» አለች ለመርማሪው። የመኪናዋን በር ከፍታ አጎነበሰች፤ ወንበሩን ዳበሰች፤ ጣቷን አይታ ቀና አለች።

«ኑ፣ ሁላችሁም ቅረቡ። ጆሮ ቀዝቃዛ ሞተር ሲያስነሣ ሮጦ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከማርሚታው የሚወጣውን የመጀመሪያ ጭስ ቀለም ለማየት። ጭስ ሊያይ የመጣ ሰው መስኮት ዘግቶ ውስጥ ይቀመጣል? ማጅራቱ ያበጠው ሲደፋ ነው አልከኝ። በግንባሩ የተደፋ ሰው ማጅራቱ ያብጣል?»

መርማሪው ደብተሩን ገለጠ።

«ወንበሩን እየው፤ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ይህች መኪና ፍሪሲዮን ካልረገጡላት አትነሣም። ጆሮ ከዚህ ተቀምጦ እግሩ አይደርስም፤ የእኔም ድንክ አይደርስም።»

«አክስቴ!»

«ዝም በል፣ ላስፈታህ ነው። ሞተሩን ያስነሣው እግረ ረጅም ነው፤ ጆሮን ማጅራቱን መትቶ ጥሎ፣ ኋላ መሪው ላይ ደፋው። እዚህ ያሉት ረጃጅሞች ሁለት ናቸው፤ ሐኪሙና ሻጩ። እንግዲህ ይህን የግራ ጠርዝ ተመልከቱ። ከወር በፊት ሻጩ ‹ድመት ቧጭራው ነው› ብሎ አዲስ ቆዳ እንዳለብሰው አዘዘኝ። የምን ድመት! የሰው ጭን ወጥቶ ገብቶ ሞርዶታል። ቆጣሪው ሠላሳ ሺህ ኪሎሜትር ይላል፤ ይህ ጠርዝ ግን ሁለት መቶ ሺህ የሄደ መኪና ጠርዝ ነው። ትናንት ስጠርገው ስፌቴ ደህና ነበር፤ ዛሬ በቢላ ተተርትሯል። የተረተረው ጆሮ ነው፤ ከስር ያለውን ያረጀ ጠርዝ አይቷል። ገዢው ይህን ቢሰማ ያመሰግነው ነበር። የሚጎዳው ማን ነው?»

«ወሬ!» አለ ሻጩ።

«ቆዳ ስቆርጥ በሰማያዊ ጠመኔ ነው የማሰምረው። ከውስጥ ስለሚቀር ማንም አያየውም። ስፌቱ ከተተረተረ በኋላ ግን እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ጭኑን ይቀባል። ሐኪሙ፣ ዙር። ንጹሕ ነህ። አሁን አንተ ዙር።»

ሻጩ አልዞረም። መርማሪው ትከሻውን ይዞ አዞረው። ከግራ ጭኑ ኋላ፣ በነጩ ሱሪው ላይ፣ የመዳፍ ያህል ሰማያዊ ታትሟል።

«‹ይቅርብህ› ሊለው ነበር!» ብሎ ጮኸ ሻጩ። «በአንዲት ቃል ሊያከስረኝ!»

መርማሪው ካቴናውን ከመካኒኩ እጅ ወደ ሻጩ እጅ አዛወረ። «እማማ፣ እንግዲህ ይሂዱ፤ የቀረውን እኛ እንጨርሳለን።»

«የትም አልሄድም። ደብተርህን ያዝ። ማን እንዳገኘው ጻፍ፤ ‹ወንበር ሰፊዋ› ብለህ። ከዚያ ጮክ ብለህ አንብብልኝ፤ እነዚህም ይስሙ። ስትጨርስ ደግሞ ከመጀመሪያው ድገምልኝ።»