በረንዳ ላይ የተመረጡ መንገዶች

ዘርአብሩክ ሞቶ የተገኘው በሕይወት ሳለ ሊረግጠው ባልፈለገው መንገድ ጫፍ ላይ ነበር። ታታ ሐይቅ ዳር ካለው ድንጋያማ ኮረብታ ግርጌ፣ በገደሉና በውኃው መካከል ባለች ጠባብ ደረቅ መሬት ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተኝቷል። ማጅራቱ ተሰንጥቋል። ነጭ ሱሪውና ነጭ ሸራ ጫማው ግን ከሱቅ የወጡ ዕለት እንደነበሩት ናቸው። ጫማውን የገዛው ለእግር ጉዞ ብሎ ነው፤ ሁለቱን ቀን ግን የሎጁ በረንዳ ላይ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ አሳለፈው።

ወደ ጎግ ወረዳ የመጣው የኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ ነበር። ኮሚቴው ከጋምቤላ ከተማ የተላከው በሐይቁ ዙሪያ ካሉት የእግር መንገዶች ለጎብኚዎች የሚሆኑትን መርጦ በአንዲት ወረቀት እንዲያሳትም ነው። ከሊቀመንበሩ ሌላ ሁለት አባላት ነበሩት፤ በሪሁን የሚባል የጂኦግራፊ መምህርና ሲፈን የምትባል ነርስ። ዘርአብሩክ እንደደረሱ ሰብስቧቸው፣ መንገድ የሚመረጠው በመመዘኛ እንጂ በእግር አይደለም፣ ማንም ወጥቶ እንዳይንከራተት ብሎ አዘዘ። ከዚያ የሎጁ ባለቤት ያቀረበለትን ፎቶግራፍ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ነጥብ መስጠት ጀመረ። ኮረብታው ከመቶ ሰባ አገኘ።

ረቡዕ ጠዋት ከክፍሉ ጠፋ። እኩለ ቀን ላይ አስከሬኑን ያገኘው ኦቻንግ ነው፤ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ በሐይቁ ዳር ተወልዶ ያደገ መንገድ መሪ።

ኢንስፔክተር አኬሎ ከጋምቤላ ከተማ ተጠርታ ከሳጅን ጋትደት ጋር ስትደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ ስትናገር ዓረፍተ ነገሯ አጭር ነው። ብዙ ሰው ይህን ካለማወቅ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህም ለሌላ መርማሪ የማይናገረውን ለእሷ ይዘረግፍላታል። ይህን ስህተት አርማላቸው አታውቅም።

የሎጁ ባለቤት ወንዳፈረው ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ተቀበላት። በሩ ላይ ሦስት መንገዶች በሦስት ቀለም የተሣሉበት ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። ቢጫው የሐይቁን ዳር ይዞ ይሄዳል፤ ሥሩ «ለቤተሰብ የሚስማማ» ተብሎ ተጽፏል። አረንጓዴው የጫካው፣ ቀዩ የኮረብታው ነው። ሰሌዳው የሚያምር ነበር። ከሰሌዳው ጀርባ ያለው ሁሉ፣ ከቆሸሸው ምንጣፍ አንሥቶ እስከ ተሰበረው ሽንት ቤት፣ የሰሌዳው ባለቤት ጎብኚን ምን ያህል እንደሚንቅ ይመሰክራል።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እኔው ራሴ እስከ መንታ መንገዱ ሸኘሁት» አላት ወንዳፈረው። «መሪ ውሰድ ብለው እምቢ አለኝ። ቀዩን መንገድ ይዞ ገባ። ሣሩ እስከ ትከሻ ነው የሚደርሰው፤ ትንሽ እንደሄደ የሚታየኝ ጭንቅላቱ ብቻ ነበር። ከዚያ ተመለስኩ።»

«ከገደሉ ወደቀ ነው የሚሉት?»

«ወደቀ፣ ወይ ተገፋ። ትናንት ማታ ኦቻንግን ሰው ፊት አዋርዶታል፤ የአማርኛ ቅጽ ሰጥቶ አንብብ አለው፣ ለማንበብ ሲቸገር ሳቀበት። እነዚህ ሰዎች ቂም ይይዛሉ። ያው ቋንቋችሁም አንድ ነው፣ አንቺ እንደምንም ታውጣጪዋለሽ።»

«አዎ፣ አንድ ነው» አለች አኬሎ። «ሲዋሽ ቶሎ ይገባኛል።»

ከዚያ ኦቻንግን አስከትላ አስከሬኑን ልታይ በቀዩ መንገድ ወጣች። ወዲያ ያለውን ከሎጁ የሚከልል አንድ ጉብታ እንዳለፉ መሬቱ ጠቆረ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከመንታ መንገዱ እስከ ኮረብታው ሥር፣ ሣር የሚባል አልነበረም። ኦቻንግ፣ እንግዶቹ እባብ እንዳይረግጡ ብሎ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እንዳቃጠለው በአኙዋክኛ ነገራት። በጥር አገሩ ሁሉ ስለሚጨስ ማንም ስለ ጭሱ አልጠየቀውም። ጠዋት የት ነበርክ ስትለው ግን አንገቱን ደፋ። ከሰው ጋር ነበርኩ፣ ስሙን ላልናገር ቃል ሰጥቻለሁ፣ ሰውየው ራሱ ይናገር አለ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረም።

አኬሎ ገደሉ ሥር ደርሳ ከአስከሬኑ አጠገብ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። መዳፎቹን ገልብጣ አየች፤ ጭረት የለባቸውም። የጫማውን ሶል አየች። ስትመለስ የራሷ ሱሪ እስከ ጉልበቷ ጥላሸት ለብሶ ነበር። በቀጥታ ወደ ክፍል አልገባችም፤ የሎጁ ብቸኛ ጀልባ የታሰረባትን የእንጨት ወደብ ሄዳ አየች። ጀልባዋ ከላይ እስከ ታች ታጥባ ነበር። በዚያ ሎጅ ውስጥ የታጠበ ነገር እሷ ብቻ ነበረች።

ሲፈን ክፍሏ ውስጥ ሆና፣ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ተኝቼ ነበር፣ ምንም አላየሁም አለች። ንግግሯ የተጠና ነበር። ተረከዟ ላይ ግን አዲስ ፕላስተር፣ የባለሙያ እጅ በሚያሳይ ንጽሕና ተለጥፏል። አኬሎ ፕላስተሩን አይታ ስለ እንቅልፉ ሌላ አልጠየቀችም።

በሪሁን ከሁሉ ይብስ ነበር። ከጠረጴዛው አልተነሣሁም፣ ሪፖርት ስጽፍ ነበርኩ እያለ ላቡን ይጠርጋል። ያን ጊዜ ሳጅን ጋትደት ከፍራሹ ሥር ሁለት ነገር ይዞ ወጣ፤ እስከ ጉልበቱ በጥላሸት የጠቆረ ሱሪና የታሸገ ፖስታ። ወንዳፈረው በመስኮት አይቶ ነበርና ወሬው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ማእድ ቤት ደረሰ።

«ፖስታው የሊቀመንበሩ ነው» አለ በሪሁን። «ማክሰኞ ማታ ሰጠኝ። ሳትከፍት ያዝልኝ፣ በዚህ ይህን ሰውዬ ኪሴ ውስጥ አስገብቼዋለሁ አለኝ። አልከፈትኩትም።»

«የትኛውን ሰውዬ?»

«አልጠየቅሁትም።»

«አንተ የጂኦግራፊ መምህር ነህ» አለች አኬሎ፣ «ግን ምንም ነገር የት እንዳለ ማወቅ አትወድም።»

ፖስታውን ቀደደችው። ውስጡ ከሎጁ የእግረኞች መዝገብ የተገነጠለ አንድ ገጽ ነበር። ማንም ጎብኚ ከመውጣቱ በፊት ስሙን፣ የመረጠውን መንገድና ጥያቄ ካለው ጥያቄውን በዚያ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ባለቤቱም ከጎኑ መልስ ይሰጣል። የገጹን የመጀመሪያ ስም ስታነብ አኬሎ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቤዛ ይላል። ባለፈው ዓመት ኅዳር፣ ለዕረፍት መጥታ በሐይቁ ዳር ስትሄድ አዞ የወሰዳት የጤና ባለሙያ ናት። ወንዳፈረው ያን ጊዜ፣ ብቻሽን አትሂጂ ብያት ነበር፣ አልሰማ አለች ብሎ ቃሉን ሰጠ። ፋይሉም «ምክር ባለመስማቷ በደረሰ አደጋ» ተብሎ ተዘጋ። የፈረመችው አኬሎ ናት።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ወንዳፈረው ተደላድሎ ተቀመጠ። ሲፈንና በሪሁን ከሊቀመንበሩ ባዶ ወንበር ራቅ ብለው ተጠጋጉ። ለኦቻንግ ወንበር የሳበለት አልነበረም፤ አኬሎ ባዶውን የሊቀመንበር ወንበር ጎትታ አስቀመጠችው።

«ሟቹ ከገደል አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «ከዚያ ከፍታ የወደቀ ሰው እጁ ይላጣል፣ ልብሱ ይቀደዳል። የእሱ መዳፍ እንደ ሕፃን ነው። የተመታው አንዴ ነው፣ ከኋላው። አሁን የእኔን ሱሪ እዩ። ኮረብታው ላይ በእግር ለመድረስ ያን ቃጠሎ ማለፍ ግድ ነው። እኔ አንዴ ሄጄ እንዲህ ሆንኩ። የሟቹ ጫማ ግን ነጭ ነው። እንግዲህ በእግሩ አልሄደም። ያለ ቃጠሎው ወደዚያ የሚያደርሰው ውኃው ብቻ ነው። ጀልባዋም ዛሬ ታጥባለች።»

«ኦቻንግ ጀልባ ይቀዝፋል» አለ ወንዳፈረው በእርጋታ።

«ይቀዝፋል። ግን ሣሩን ያቃጠለው እሱ ነው። ሰው ገድሎ ከገደል የወደቀ ሊያስመስል ቢፈልግ ጫማውን ጥላሸት መቀባት እንዳለበት ከማንም በፊት የሚያውቅ እሱ ነው። ደግሞ ጠዋት ከሰው ጋር ነበር። ሲፈን፣ ተረከዝሽ ተኝተሽ ነው የቆሰለው?»

ሲፈን ፊቷ ቀላ። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ከኦቻንግ ጋር በጫካው መንገድ እንደነበረች፣ ለማንም እንዳይናገር ቃል እንዳስገባችው በዝግታ ተናገረች። ሊቀመንበሩ መውጣት ከልክሎ ስለነበር ሪፖርት እንዳይደረግባት ፈርታ ነው።

«ሊቀመንበሩ ሞቷል» አለች አኬሎ። «ማን ነው ሪፖርት የሚያደርግብሽ? ይህ ሰው ለአንቺ በሰጠው ቃል ሊታሰር ነበር። አንቺ ደግሞ ተኝቻለሁ ትያለሽ።»

 አኬሎ መልሷን አልጠበቀችም፤ ወደ በሪሁን ዞረች።

«በሪሁንም ዛሬ ማለዳ ተደብቆ ወጥቷል። ኮረብታው ሥር ደርሶ ደክሞት እንደተመለሰ አምኖልኛል። ሁላችሁም ስለ ሱሪው ሰምታችሁ ገዳይ አደረጋችሁት። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ያን ጥላሸት በገዛ ልብሱ ያየ ሰው ነጭ ጫማ ያደረገ አስከሬን እዚያ አያስቀምጥም። ሱሪውን የደበቀው ፈሪ ስለሆነ ነው። በፈሪነት አልከሰውም።» በእጇ ወደ ቀዩ መንገድ አመለከተች። «የቀረው ሣሩ መቃጠሉን የማያውቅ ሰው ነው። እዚህ አንድ ሰው አለ፤ ዛሬ ጠዋት ሟቹን እስከ መንታ መንገዱ ሸኝቶ፣ ሣሩ እስከ ትከሻው ሲውጠው አይቷል። የሌለ ሣር።»

ወንዳፈረው መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ትንንሽ ነበሩ። «ሌላ ቀን ያየሁትን ቀላቅዬ ይሆናል» አለ።

«የትኛውን ቀን? ቀዩን መንገድ መቼ ነው የሄድክበት?»

ወንዳፈረው መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«ኦቻንግን ጠይቄዋለሁ። ሰሌዳው ከተተከለ አራት ዓመቱ ነው። አንድም ቀን ከመንታው አላለፍክም። ቢጫውንም አልሄድክበትም። ሄደህበት ቢሆን አዞዎቹ የት እንደሚተኙ ታውቅ ነበር።» ገጹን ከኪሷ አወጣች። «ቤዛ ጠይቃለች። እጅ ጽሑፏ ይኸው። አዞ አለ ወይ? መሪ ያስፈልገኛል ወይ? ከጎኑ የአንተ እጅ ጽሑፍ ነው። የለም፣ አያስፈልግም ይላል። ይህን ጽፈህ ረሳኸው፤ ስላልገደደህ አላቃጠልከውም እንኳ። አሮጌ መዝገቦችህን ኮሚቴውን ለማስደነቅ ሰጠህ። ሟቹ ደግሞ ከወረቀት ሌላ የሚችለው ነገር አልነበረም። አገላብጦ አገኘው። ለፖሊስ ሊያመጣው ይገባ ነበር። እሱ ግን በፖስታ አሽጎ ዋጋ ሊጠይቅበት ወደ አንተ መጣ።»

«ግማሹን ሎጅ በወንድሜ ስም አድርግልኝ አለኝ» አለ ወንዳፈረው። የተሰበረ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የተጭበረበረ ነጋዴ ቁጣ ነበር። ኮረብታውን ከውኃው ላይ ላሳይህ ብሎ ማለዳ በጀልባ እንደወሰደው፣ ወደ ገደሉ ቀና ሲል በመቅዘፊያው እንደመታው፣ አስከሬኑንም ገደሉ ሥር እንዳጋደመው ተናገረ። ከዚያ አኬሎን አየና «ለአንዲት ቀድማ ለሞተች ልጅ ብዬ ይህን ሁሉ ልጣ?» አለ።

 በሪሁን እንኳ ቀና ብሎ አየው።

«ውሰደው» አለች አኬሎ ለጋትደት።

ሐሙስ ጠዋት፣ ወንዳፈረው በሌላ መኪና ወደ ጋምቤላ ከተላከ በኋላ፣ አኬሎ በመንገድ ላይ ባለችው አቦቦ ከተማ ወረደች። የቤዛ እናት መምህርት ፀዳለ እዚያ ያስተምራሉ። ከክፍል አስጠርታ ዛፍ ሥር አገኘቻቸው፤ የሆነውን ሁሉ ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። መነጽር ያደረገ ሰው የነገራትን አምና፣ መዝገቡን አምጡ ሳትል ፋይሉን መዝጋቷንም ጭምር።

«ፊርማው የእኔ ነው፣ መምህርት» አለች። «ይቅርታ የሚባል ከሆነ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ፀዳለ ገጹን ተቀብለው አነበቡት። የልጃቸውን የጥያቄ ምልክት በጣታቸው ዳሰሱ፤ ሁልጊዜ አክብዳ የምትጽፈው ነበር። ከመማሪያ ክፍሉ የሕፃናት የንባብ ድምፅ ይሰማል።

«ጠይቃ ነበር?» አሉ።

«ጠይቃ ነበር።»

«አልሰማ ብላ አይደለም?»

«አይደለም።»

ሴትዮዋ ወደ መማሪያ ክፍሉ ዞሩ። ሲናገሩ ለአኬሎ አልነበረም።

«አንድ ዓመት ሙሉ እኮ ስቆጣት ነው የከረምኩት» አሉ።